ድጎማው ማዳበሪያው ውስጥ ነው

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር የደረሱኝን ደብዳቤዎች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳያቸው አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው። ስለ ድጎማ። አዲስ አንባቢ ካለ ራሴን ላስተዋውቅ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አቃቂ ዳር በአንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ሠርቻለሁ። በ1994 ዓ.ም. ገብቼ በ2016 ጡረታ ወጣሁ። ሥራዬ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር መረከብ፣ መቁጠር፣ ማስፈረምና ቁልፍ መያዝ ነበር። የግብርና ባለሙያ አይደለሁም። ግን ስንት ገበሬ ፊቱ በርቶ፣ ስንቱስ አንገቱን ደፍቶ ከዚያ በር እንደወጣ አውቃለሁ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ያንን በር ስላስታወሰኝ መልሱ ረዘም ይላል። ታገሱኝ።

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ነው። ሦስት ጥማድ መሬት የእኩል አርሳለሁ። መሬቱ የአክስቴ ባል ነው። እሳቸው ስለታመሙ ከተማ ልጃቸው ጋ ገብተዋል። መንግሥት ለገበሬው ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ደጎመ ሲባል በየዓመቱ በቴሌቪዥን እሰማለሁ። እኔ እስካሁን አምስት ሳንቲም አላየሁም። ቀበሌ ሄጄ ስጠይቅ ሳቁብኝ። ባለፈው ክረምት ደግሞ ማዳበሪያ ልወስድ ስሄድ ስምህ የለም ተባልኩ። ገንዘቡ የሚሰጠው ለማን ነው? እኔንስ ለምን ይዘለኛል?»

ወንድሜ፣ የሳቁብህ ሰዎች ሊስቁ አይገባም ነበር። «ቢሊዮን ብር ተደጎመ» የተባለ ሰው ብሩን ቢጠብቅ ምን ያስቃል? ጥፋቱ ያለው አነጋገሩ ላይ ነው።

ድጎማው በእጅ የሚቆጠር ብር አይደለም። ማዳበሪያው ውስጥ ነው ያለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳበሪያችን ከውጭ በዶላር ይገዛል። ግዢውን የሚፈጽመው የኢትዮጵያ ግብርና ሥራዎች ኮርፖሬሽን ነው። በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል። ከዚያ በመኪናና በባቡር ይገባል። ዩኒየኑ፣ ማለትም የማኅበራቱ ኅብረት፣ ይረከብና በየቀበሌው ላሉት መሠረታዊ ማኅበራት ያከፋፍላል። ማኅበሩ ለገበሬው ይሸጣል። በዚህ መንገድ ሁሉ ወጪ አለ። የመርከብ፣ የወደብ፣ የመኪና፣ የጫኝና አውራጅ፣ የባንክ ወለድ። ይህ ሁሉ ተደምሮ አንድ ኩንታል እኛ መጋዘን በር ላይ የሚያወጣው ዋጋ አለ። አንተ የምትከፍለው ከዚያ ያነሰ ነው። መሃል ያለውን መንግሥት ይከፍላል። ድጎማ ማለት ያ መሃል ያለው ነው።

ለማስረዳት ያህል ብቻ ቁጥር ልፍጠርልህ። አንድ ኩንታል አንተ ጋ እስኪደርስ 10 ሺህ ብር ፈጀ እንበል። አንተ 7 ሺህ ከፈልክ። በኪስህ ምንም አልገባም። ግን 3 ሺህ ብር ተደጉመሃል። ኩንታል ስል ሁለት ከረጢት ማለቴ ነው። አንዱ ከረጢት 50 ኪሎ ነው።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ እንምጣ። ዋናው እሱ ነው። ድጎማው ማዳበሪያው ውስጥ ከሆነ፣ ማዳበሪያውን ያገኘ ድጎማውን አገኘ፣ ያላገኘ ደግሞ ሁለቱንም አጣ። ስምህ የለም ያሉህ ቀን የቀረብህ ከረጢቱ ብቻ አይደለም። ከነጋዴ በገዛህበት ዋጋና በማኅበሩ ዋጋ መሃል ያለውን ልዩነት አስላው። ቴሌቪዥኑ የሚያወራለት ብር፣ ያንተ ድርሻ፣ እሱ ነው።

አንድ ነገር ልንገርህ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ሰኔ መጨረሻ ነው፣ ዝናቡ የመጋዘኑን ቆርቆሮ ይደበድበዋል። እንዳንተ የእኩል የሚያርስ አንድ ጎልማሳ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ መጣ። ባለ መሬቱ ከሱ ቀድሞ መጥቶ፣ የመሬት ደብተሩን አሳይቶ፣ ፈርሞ ወስዷል። ጎልማሳው ዝርዝሩ ላይ ስሙ የለም። ደንብ ነው ብዬ መለስኩት። ባለ መሬቱ ከወሰዳቸው ከረጢቶች አንዱ ከመኪና ሲወርድ ተቀዶ ስለነበር እኔው ራሴ በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። በሦስተኛው ቀን ገበያ ወጣሁ። ያ በቀይ ክር የተሰፋ ከረጢት አንድ ሱቅ በር ላይ ቆሟል። አጠገቡ የመለስኩት ጎልማሳ ከባለ ሱቁ ጋር ዋጋ ይከራከራል። እንዳላየ ሆኜ አለፍኩ። ይኸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። የዚያን ዓመት ድጎማ የበላው ሞፈር ያልጨበጠ ሰው ነው። ያስፈረምኩትም እኔ ነኝ።

ስለዚህ አንተ ምን ታደርጋለህ? መጀመሪያ ሰዓቱን እወቅ። ብዙ ሰው ምዝገባው ክረምት ሲገባ ይመስለዋል። አይደለም። ለመጪው ክረምት ስንት ኩንታል ያስፈልጋል የሚለው የሚሰበሰበው አዝመራው ገና ማሳ ላይ እያለ ነው። ከውጭ የሚገዛ ነገር ወራት ይፈልጋላ። ሰኔ ላይ መጋዘን በር ቆሞ «ስሜን ጻፉልኝ» ማለት ሠርግ ካለቀ በኋላ ድንኳን መጣል ነው። አጨዳ ሳትጀምር የልማት ሠራተኛውን ፈልገው። ማሳውን አሳየው።

ሁለተኛ፣ የአክስትህን ባል ሄደህ ጠይቃቸው። ብርቱካን ነገር ይዘህ ሂድ፣ የታመመ ሰው ባዶ እጅ አይጠየቅም። ከዚያ ስለ ውል አንሳ። የእኩል በቃል ነው የሚሰጠው፣ በኛ አገር ልማዱ እንደዚያ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ ሲዋዋል ደግሞ ነውር ይመስላል። ነውር አይደለም። የገጠር መሬት አዋጁ (1324/2016) ባለ ይዞታው መሬቱን ማከራየት እንደሚችል ይፈቅዳል። ውላችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ምስክር ይኑረው፣ መሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቀርቦ ይመዝገብ። ማዳበሪያውን ማን እንደሚያወጣ፣ በማን ስም እንደሚከፈል፣ ወጪው ከምርቱ ላይ ተነስቶ ነው ወይስ ሳይነሳ ነው እኩል የምትካፈሉት፣ ይህ ሁሉ ይጻፍ። የእኩል ጠብ የሚነሳው አውድማ ላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሰበቡ የማዳበሪያ ወጪ ነው። ውሉን ያልፈለጉ እንደሆነ ቢያንስ በሳቸው ስም አንተ እንድትወስድ ውክልና ይስጡህ።

ሦስተኛ፣ ስትገዛ ደረሰኝ ተቀበል። ደረሰኙ ላይ ያለው ስም ያንተ መሆኑን እዚያው ቆመህ አንብብ። ማንበብ የማይሆንልህ ከሆነ ልጅ ይዘህ ሂድ። በሌላ ዓመት ዝርዝሩ ላይ ከጠፋህ ያ ወረቀት ነው የሚናገርልህ።

ሌላም ጥያቄ በውስጥህ እንዳለ እገምታለሁ። ድጎማ ካለ ማዳበሪያው ለምን በየዓመቱ ይወደዳል? ሥራ ስጀምር ድጎማ የሚባል አልነበረም። የቀድሞው በ1980ዎቹ መጨረሻ እንዲቀር ተደርጎ ነበር። ያኔ ዳፕና ዩሪያ ብቻ ነው። ገበሬው ጥቁሩና ነጩ ይላቸዋል። ኋላ ዳፕ ቀርቶ ኤንፒኤስ የሚባለው መጣ። ዛሬም ብዙ ሰው «ዳፕ ስጭኝ» ነው የሚለው፤ እኔም ኤንፒኤስ ነው እያልኩ መከራከሩን ትቼው ነበር። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ዋጋ ሰማይ ነካ። ሩሲያና ዩክሬን ጦርነት ገቡ። ሩሲያ ደግሞ ከዋነኞቹ የማዳበሪያ ሻጮች አንዷ ናት። መንግሥት በዚያ ዓመት 15 ቢሊዮን ብር ደጎመ። እንደዚያም ሆኖ መጋዘናችን የሸጠበት ዋጋ ከቀደመው ዓመት እጥፍ አልፎ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዋጋውን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው «አንቺ፣ ድጎማ የሚሉት የጭማሪ ስሙ ነው እንዴ?» አሉኝ። ሰልፍ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ግን ሁለቱም እውነት ነው። ዋጋውም ጨምሯል፣ ድጎማውም አለ። ድጎማው ባይኖር ከዚያም ይብስ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶ ብር አለፈ። በዶላር የሚገዛ ነገር ከዚህ አያመልጥም።

«የምኖረው ገላን ዳር ነው። ባለቤቴ ባለፈው ዓመት አረፈ። ግማሽ ሄክታር መሬት አለን። ዝርዝሩ ላይ ያለው የሱ ስም ስለሆነ በስንት ልመና አንድ አንድ ከረጢት ብቻ ሰጡኝ፣ አንድ ዩሪያ አንድ ኤንፒኤስ። ሁለት ልጆች አሉኝ። በምን ላብቃቃው?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። መጀመሪያ ደብተሩን አውጥተሽ እይው። የሁለታችሁም ስም ካለበት አንቺ ወራሽ ብቻ ሳትሆኚ ባለ ይዞታ ነሽ። ልመና የሚባል ነገር የለም። በሱ ስም ብቻ ከሆነ የሞት የምስክር ወረቀቱንና የጋብቻ ማስረጃሽን ይዘሽ ስሙን አዛውሪ። ዘንድሮ ይደረስበታል አትበይ። የሟች ስም ዝርዝር ላይ ሲቆይ አዛኝ መስሎ የሚፈርምለት ሰው አይጠፋም። ይህንንም መጋዘን ውስጥ ነው ያየሁት።

ስለ ማብቃቃቱ፣ የተሰጠሽ ያን ያህል ትንሽ አይደለም። ድሮ ልማት ሠራተኞቹ ይመክሩ የነበረው ለአንድ ሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕና አንድ ኩንታል ዩሪያ ነበር። ላንቺ ግማሽ ሄክታር አንድ አንድ ከረጢት ልኩ ነው። ዋናው አጠቃቀሙ ነው። ኤንፒኤሱን ስትዘሪ አብረሽ ጨርሺው። ነጩን ግን አንድ ላይ አትድፊው። ያንቺ አፈር ኮቲቻ ነው፣ ጥቁር መረሬ፣ ውኃ ይቋጥራል። ውኃ በተኛበት መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ብር መድፋት ነው። ግማሹን አቆይተሽ አረም ከታረመ በኋላ፣ አፈሩ ርጥበት እያለው ግን ውኃ ሳይቆምበት በትኚው። አብዝቼ ልጨምርበት ያለ ደግሞ ጤፉ ይጋሸብበታል። ቁመቱ ያማረ ጤፍ ተኝቶ ሲያድር አይተሻል።

ሌላው መላ ሽምብራ ነው። ሽምብራ መስከረም ላይ፣ ዝናቡ ሲወጣ፣ በተረፈው ርጥበት ነው የሚዘራው። ነጩን ማዳበሪያ ብዙም አይፈልግም፤ ራሱ ከአየር ስቦ ለአፈሩ ይተውለታል። ከመሬትሽ ሲሶውን በየዓመቱ እያዘዋወርሽ ሽምብራ ብታደርጊ በሚቀጥለው ዓመት እዚያ ቦታ ላይ ጤፉ ይመሰገናል። እሸቱም ለልጆቹ ነው፤ ከተማ መንገድ ዳር ተሸጦም ደብተር ይገዛል።

«ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ደሞዝተኛ ነኝ፣ ግብሬ ሳይደርሰኝ ይቆረጣል። ያ ግብር ለገበሬ ማዳበሪያ ይደጎማል፣ ጤፍ ግን አንድም ቀን ረክሶ አያውቅም። ድጎማው ለእኛ ለሸማቾች ቢሰጥ አይሻልም?»

ቅሬታህ ይገባኛል። እንዲያውም ከተማ ውስጥ ማዳበሪያ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ከረጢቱ ነው። «አንድ ማዳበሪያ ከሰል» እንላለን። ውስጡ የነበረውን ማን ያስታውሳል?

ጤፉ ላይ የሚወጣው ወጪ ግን ማዳበሪያ ብቻ አይደለም። ጤፍ ከሌላው እህል ይልቅ ጉልበት ይበላል። መሬቱ አራት አምስት ጊዜ ይታረሳል። ይታረማል፣ ይታጨዳል፣ ይወቃል። የቀን ሠራተኛ ምንዳ አንተ ከተማ ውስጥ እንደምታውቀው ነው። ገጠሩም ያንኑ ነው የሚጠይቀው፣ ምክንያቱም ሠራተኛው ግንባታ ላይ መሄድ ይችላል። ጉልበት የሌለው ገበሬ ትራክተር ይከራያል፣ ነዳጁ አለ። ከዚያ ደላላ፣ መኪና፣ ኬላ፣ ወፍጮ። ድጎማው ከነዚህ ውስጥ አንዷን ነው የሚነካው። ጤፍን አያረክስም። ማዳበሪያ ያጣ ገበሬ ግን ምርቱ ሲያንስ ከተማ የሚወርደው ያንሳል፣ ያኔ ያሁኑን ዋጋ ትናፍቀዋለህ። በ2015 ክረምት ማዳበሪያ በጊዜ አልደረሰም ተብሎ በብዙ ቦታ ገበሬው አቤት ሲል ሰምተሃል። የዘገየ ማዳበሪያ ድጎማ ኖረውም አልኖረውም ያው ነው። ጤፍ ይዘሩበታል የተባለው ሳምንት ካለፈ ከረጢቱ ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል። ያውም ርጥበት ካልገባው። ርጥበት የገባው ዩሪያ ድንጋይ ሆኖ በመዶሻ ስንፈልጠው የነበረበትን ጊዜ አስታውሳለሁ።

ለሸማቹ ይሰጥ ያልከውን አልጠላሁትም። አንዱን ለመስጠት ሌላውን መንጠቅ ነው የማይገባኝ።

«አውሮፓ ያለ የእህቴ ልጅ እዚያ ገበሬ በሄክታር ተቆጥሮ ብር ባንኩ ውስጥ ይገባለታል አለኝ። ሕንድም እንዲሁ ነው ብሏል። እውነት ነው? የእኛስ ለምን እንዲህ አይሆንም?»

የእህትህ ልጅ አልዋሸም። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ገበሬው ባለማው መሬት ስፋት ልክ ክፍያ ይደርሰዋል። ሕንድ ደግሞ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2019 መጀመሪያ ጀምሮ መሬት ላለው የገበሬ ቤተሰብ በዓመት 6,000 ሩፒ፣ ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሺህ እያደረገ፣ በቀጥታ ሒሳቡ ውስጥ ያስገባል። ማዳበሪያውንም ለብቻው ይደጉማል።

መልካም ነገር አለው። ማዳበሪያ የማይፈልግ ገበሬ ብሩን ለበሬ፣ ለዘር፣ ለልጁ ትምህርት ያውለዋል። መጋዘን በር ላይ ሰልፍ የለም። ቀይ ክር የለም። እኔም ሥራ አልነበረኝም ነበር።

ግን ልብ በል። የሕንዱ ብር የሚሰጠው መሬቱ በስሙ ለተመዘገበ ነው። የሰው መሬት ተከራይቶ የሚያርስ ሕንዳዊ ገበሬ አያገኝም፤ በዚህ በጣም ይታማል። አውሮፓም ድጎማው መሬት ላይ ሲታሰር ባለ መሬቱ ኪራይ እየጨመረ ከአራሹ ላይ መልሶ ይወስደዋል የሚል ሮሮ የቆየ ነው። የቱሉ ዲምቱው ልጅ ጥያቄ እዚያም አለ ማለት ነው፣ ቋንቋው ነው የተለየው። ስለዚህ ብሩ በከረጢት ቢመጣም በባንክ ቢመጣም እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለው ስም የማን ነው?

«ጎዴ የሚሠራው የማዳበሪያ ፋብሪካ ሲያልቅ ድጎማ ይቀራል? ማዳበሪያስ ይረክሳል?»

ውሉ የተፈረመው በነሐሴ 2017 ዳንጎቴ ከሚባለው የናይጄሪያ ኩባንያ ጋር ነው። 2.5 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል፣ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ ያመርታል ተብሏል። ለግንባታው የተያዘለት ጊዜ 40 ወር ነው። ጋዙ የሚመጣው እዚያው ሶማሌ ክልል ካሉት ከካሉብና ከሂላላ የጋዝ ጉድጓዶች ነው። አንድ ነገር ግን አትርሳ። ዩሪያ ነጩ ነው። ከጋዝ ይሠራል። ጥቁሩ ፎስፌት ይፈልጋል፣ እሱ አሁንም በመርከብ ነው የሚመጣው። ነጩ አገር ውስጥ ተሠርቶ በአገር ብር ቢሸጥ ደስታዬ ነው። ዋጋውን ግን ሲሸጥ እናየዋለን። እስከዚያው የዘንድሮ ምዝገባ እንዳያመልጥህ።

«ከመናገሻ ነው የምጽፈው። የእኛ አፈር ቀይ ነው። የደንቡን ያህል ማዳበሪያ አደርጋለሁ፣ ስንዴው ግን ከዓመት ዓመት ይቀጭጫል። ጎረቤቴ ማዳበሪያው ውሸት ነው፣ የተደጎመው አመድ ነው ይላል።»

ጎረቤትህን አትስማው። ማዳበሪያው ደህና ሆኖ አፈሩ ታሞ ይሆናል። ያንተ ዓይነቱ ቀይ አፈር ዝናብ ለዘመናት እያጠበው ይኮመጥጣል። በአገራችን ከሚታረሰው መሬት ወደ 40 በመቶ የሚሆነው እንዲህ ያለ ጎምዛዛ አፈር ነው ይባላል። በዚህ አፈር ላይ ጥቁሩን ማዳበሪያ ስታደርግ አፈሩ ፎስፈረሱን አንቆ ይይዘዋል፣ ለሥሩ አይለቅለትም። ድጎማው አፈር ውስጥ ተቀበረ ማለት ነው።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። የቤት ግድግዳ የሚቀባውን አይደለም የምልህ፣ ለእርሻ የሚፈጨውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ነው። ችግሩ ክብደቱ ነው። ማዳበሪያ በአህያ ይጫናል፣ ኖራ ለአንድ ሄክታር በቶን ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከዱቄቱ ይልቅ ማጓጓዣው ነው የሚወደደው። ብቻህን አትሞክረው። አራት አምስት ጎረቤት ሆናችሁ አንድ መኪና አስሞሉ። አንዴ ከተደረገ ግን ለተወሰኑ ዓመታት ያገለግላል፣ እንደ ማዳበሪያ በየክረምቱ አይደገምም። ከሁሉ በፊት አፈርህን አስመርምር። ሆለታ የምርምር ማዕከል ከአንተ ሩቅ አይደለም። ከማሳህ ከአራት አምስት ቦታ አፈር ቆፍረህ፣ ቀላቅለህ፣ በንጹሕ ፌስታል ይዘህ የልማት ሠራተኛውን አማክር። ኖራ ላይ ከመንግሥት የሚደረግ ድጋፍ ስላለ ዘንድሮ በወረዳችሁ እንዳለ አብረህ ጠይቅ። ይህኛው ድጎማ ብዙ ተሰላፊ የለውም።

«እትዬ፣ ስልኬ ላይ መልእክት መጣልኝ። የገበሬዎች የድጎማ ክፍያ ሊለቀቅ ስለሆነ መመዝገቢያ 500 ብር በዚህ ቁጥር ላኪ ይላል። ልላክ?»

አትላኪ። ከላይ እንዳልኩት ለማዳበሪያ በእጅ የሚሰጥ ድጎማ የለም። የሌለ ነገር ደግሞ መመዝገቢያ አይጠየቅበትም። ቁጥሩን ለልማት ሠራተኛው አሳዪው፣ ሌላ ሰው እንዳይበላ። እናትሽም ስልክ ካላቸው ዛሬውኑ ንገሪያቸው።

«ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት እህል ይቀመጥበታል? አጥቤዋለሁ።»

አይቀመጥበትም፣ ብታጥቢውም። ዱቄቱ ሽመናው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ለእህል አዲስ ከረጢት ግዢ። ባዶው ግን አይጣል። እኔ ጋ ስድስት አሉ። አምስቱ ኩበት ይዘዋል። አንዱ በር ላይ የጫማ መጥረጊያ ሆኗል።